‹‹እንደ›› ስለምትባለው ታናሽ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ነገር በሁላችን አፍ ዘወትር የሚመላለስ፥ ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ይኸውም አንዱን ነገር በሌላው መመሰልና አንዱን ከሌላው ጋራ ማነጻጸር ነው። እናት ልጅዋን ስታቆላምጥ፥ ሽማግሌ ሲያስታርቅ፥ ጠበኛ ሲሳደብ፥ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ፥ ካህን በዐውደ ምሕረት ሲያስተምር፥ ሁሉም በምሳሌ ይናገራል። ‹‹እንደ›› የምትለውን ታናሽ ቃል ሳያነሣ ከማለዳ እስከ ማታ የሚውል ሰው አይገኝም። ሰው በዚህች ቃል ያንጻል፤ በዚህችም ቃል ያፈርሳል። ይህን የምናገረው የሌላውን ጥፋት አይቼ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በምሳሌ ያቈሰልኋት አንዲት ነፍስ ስላለች ነው። ነገሩን በቦታው እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ቃሉን ከሥሩ እንመርምር። ምሳሌ የሚለው ስም ‹‹መሰለ›› ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። ከዚሁ ግስ ምስል፥ አምሳል፥ ተመሳሳይ የሚሉት ስሞች ይወጣሉ። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1 እግዚአብሔር ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ እንደ ፈጠረው ተጽፎአል። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ሰው በምሳሌ ተናጋሪ ከመሆኑ በፊት እርሱ ራሱ በአምሳል የተፈጠረ ነው። ስለ ሰው ክብር በመጀመሪያ የተነገረው ቃል የመምሰል ቃል ነው። ስለዚህ ሰውን በምን እንደምንመስለው መጠንቀቅ ይገባናል፤ እኛ ሳንመስለው አስቀድሞ የመሰለው አለና።

በቋንቋችን ያለው ንጽጽር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማመሳሰል ነው፤ ምልክቱም ‹‹እንደ›› ነው፤ ይህም በግእዝ ‹‹ከመ›› ይባላል። ሁለተኛው ማበላለጥ ነው፤ ምልክቱም ‹‹ከ›› ነው፤ ይህም በግእዝ ‹‹እም›› ይባላል። ‹‹እንደ አንበሳ ደፋር ነው›› ስንል አመሳሰልን፤ ‹‹ከወንድሙ ይልቅ ደፋር ነው›› ስንል ግን አበላለጥን። ‹‹ደፋር›› የሚለው ቅጽል በሁለቱም ስፍራ ቅርጹን አልለወጠም፤ የብልጫውን ሸክም የተሸከመችው ‹‹ከ›› የምትል አንዲት ፊደል ናት። አንድ ጊዜም ‹‹እንደ››ን ፈጽመን እንጥልና ‹‹እርሱ አንበሳ ነው›› እንላለን። ይህም ከማመሳሰል ወገን ነው፤ ኀይሉ ግን ይበረታል። ማመሳሰል ሁለቱን ያቀራርባል፤ ማበላለጥ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የምሳሌ የመጀመሪያው ጥቅም በሚታወቀው የማይታወቀውን ማሳወቅ ነው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መንግሥተ ሰማያትን ያላየ ሕዝብ ባስተማረ ጊዜ በምሳሌ አስተማረ። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ብቻ የዘሪውን፥ የእንክርዳዱን፥ የሰናፍጯን ቅንጣት፥ የእርሾውን፥ በእርሻ ውስጥ የተሰወረውን መዝገብ፥ የዕንቍውንና የመረቡን ምሳሌ እናገኛለን። ለገበሬው በዘር፥ ሊጥ ለምታቦካው በእርሾ፥ ለነጋዴው በዕንቍ፥ ለዓሣ አጥማጁ በመረብ ተናገረ። ሰሚው ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ስብከቱን በገዛ ቤቱ ያገኘዋል። እናቶቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ከትናንቱ ሊጥ የቀረው ጥቂት እርሾ የዛሬውን ብዙ ሊጥ ሲያቦካው በየጊዜው ያያሉና። የሰማችው ቃል ቢጠፋባት እንኳ ቡሖዋ ያስታውሳታል።

ሁለተኛው ጥቅም ሰው በራሱ ላይ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ባስገደለ ጊዜ፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 12 እንደምናነበው፥ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገባ። ገብቶም ንጉሡን አልገሠጸውም፤ ወሬ የሚነግረው መስሎ ስለ ሁለት ሰዎች ነገረው። አንዱ ባለ ብዙ በግ ባለጠጋ ነው፤ ሁለተኛው ከእጁ የምትበላ፥ በብብቱ የምትተኛ አንዲት ጠቦት ብቻ ያለችው ድኻ ነው። ባለጠጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ በጎች ማረድን ሣሥቶ የድኻውን ጠቦት አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቍጣ ነደደ፤ በዚያም ሰው ላይ የሞት ፍርድ ተናገረ። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ባለጠጋ ንጉሡ ራሱ መሆኑን ነገረው። ናታን ነገሩን በቀጥታ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ የንጉሥ ልብ እንደ ንጉሥ ቤት ብዙ ዘበኛ ያለው ነውና፥ ሰበብ ሁሉ በበሩ ቆሞ በመለሰው ነበር። ምሳሌን ግን ዘበኛ አይከለክላትም። 50ኛው መዝሙር የዚያ ንስሐ ፍሬ ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ እንጸልይበታለን።

ሦስተኛው ጥቅም ምሥጢርን ማልበስ ነው። በቅኔ ቤት ያደጉ ሰዎች ይህን ሰምና ወርቅ በሚባለው ስልት ያውቁታል። አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ ሊሠራ ሲፈልግ አስቀድሞ መልኩን በሰም ይሠራል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል፤ በእሳት ባጋለው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀለጠውም ወርቅ በሰሙ ስፍራ ይገባል። ሰሙ ምሳሌው ነው፤ ወርቁ ምሥጢሩ ነው። ሰም ባይኖር ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር፤ ሰሙ አልወጣም ቢል ደግሞ ወርቁ መግቢያ ባላገኘም ነበር። ስለዚህ የምሳሌ ክብሩ ሥራውን ፈጽሞ ስፍራውን መልቀቁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምሳሌ ዐቢዩን ነገር እንናገር። በምሳሌ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሚመሰለው፥ የሚመሰልበትና ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ። ከዚያች ነጥብ ውጭ ሁለቱ ተለያይተው ይኖራሉ። ጌታ ዳግመኛ የሚመጣው ሌባ በሌሊት እንደሚመጣ ነው ተብሎ ተነግሮአል። ጌታ ሌባ ነውን? አይደለም፤ መገናኛቸው ድንገተኝነቱ ብቻ ነው። ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ብልሆች እንዲሆኑ ባዘዛቸው ጊዜ ብልሃቱን ውሰዱ አላቸው እንጂ መርዙን ውሰዱ አላላቸውም። መምህሮቻችን የቅድስት ሥላሴን ምሥጢር በፀሐይ ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ሲመስሉልን፥ አንድነቱንና ሦስትነቱን፥ አለመለያየቱንም እንድናስተውል ነው። ነገር ግን ወዲያው ‹‹ምሳሌ ከአማናዊው ያንሳል›› ብለው ያስጠነቅቁናል፤ ፀሐይ ፍጡር ናትና፤ ብርሃንዋና ሙቀትዋም ራሳቸውን የቻሉ ፍጹማን አካላት አይደሉምና። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 40 እግዚአብሔርን በምን ልትመስሉት ትችላላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ መልስ የሌለው መሆኑም ትምህርት ነው።

አርዮስ የወደቀው በዚህ ስፍራ ነው። አብና ወልድ የሚሉትን ስሞች ሰምቶ፥ በሰው ዘንድ አባት ልጁን እንደሚቀድም፥ እንዲሁ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ አለ። አባትነትና ልጅነት የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ስሕተቱ በቃሉ አይደለም፤ ከምሳሌው የማይወሰደውን መውሰዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት፥ በቍጥር 318 የምንላቸው አባቶቻችን፥ ወልድን ከብርሃን የተገኘ ብርሃን ብለው መሰከሩ። እሳት ከነደደበት ጊዜ ጀምሮ ብርሃኑ ከእርሱ ጋራ አለ፤ እሳቱ ቀድሞ ብርሃኑ የሚከተልበት ሰዓት የለም። አንድ ምሳሌ ያለ ስፍራው ስለ ተያዘ ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን ታወከች!

ነገር ግን፥ የተወደዳችሁ ሆይ፥ ይህ ጥፋት በመናፍቃን ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። አስቀድሜ እነግራችኋለሁ ያልሁት የእኔ ነገር ይህ ነው።

ቅስና በተቀበልሁ በጥቂት ዓመት፥ የገዛ ድምፄን የምወድ ወጣት ካህን ሳለሁ፥ በአንዲት የገጠር ደብር የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 13 ይዤ ፍሬ ስለ ታጣባት በለስ አስተማርሁ። ባለቤቱ 3 ዓመት እየተመላለሰ ፍሬ ቢያጣባት እንድትቈረጥ አዘዘ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ ‹‹ፍሬ የሌላት ሁሉ እንዲሁ ናት፤ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ትጠቅማለች?›› አልሁ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። ፍሬ የሚለው ቃል በአማርኛችን ለዛፍ፥ ለሥራና ለማኅፀንም እንደሚነገር አላሰብሁም። መገናኛውን ነጥብ ሳላሳይ ምሳሌውን በሕዝብ መካከል ወረወርሁት።

በዚያ ሕዝብ መካከል፥ ትዳር ከያዘች ብዙ ዓመት የሆናት፥ ልጅ ያልወለደች አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ከዚያ እሑድ ጀምራ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። የመገበሪያ ስንዴዋ ግን አልቀረም፤ ንጹሑን እየለቀመች በሰው እጅ ትልከው ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የታመመች መስሎኝ ወደ ቤቷ ሄድሁ። መስቀል ተሳለመች፤ መቀመጫም አነጠፈችልኝ። ‹‹ልጄ፥ ምነው ጠፋሽ?›› ብላት ጥቂት ዝም አለች። ኋላም መሬት መሬት እያየች፥ ‹‹አባቴ፥ ቦታ እንዳላጣብብ ብዬ ነው›› አለችኝ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ የገዛ ቃሌ መሆኑን ዐወቅሁ።

ወንጌሉ እኔ ባቆምሁበት ስፍራ አያቆምም። አትክልተኛው ወደ ባለቤቱ ቀርቦ ይህችን ዓመት እንዲተዋት፥ እርሱም ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እንዲያደርግላት ይማልዳል። እኔ የባለቤቱን ቍጣ ወስጄ የአትክልተኛውን ምልጃ ትቼው ነበር፤ ካህን የሚሾመው ግን እንዲማልድ ነው እንጂ ምሣር እንዲያነሣ አይደለም። ፍሬውም ምን እንደ ሆነ መጽሐፍ አልሰወረውም። መጥምቀ መለኮት ዮሐንስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 3 ለንስሐ የተገባ ፍሬ ይለዋል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ በምዕራፍ 5 የመንፈስን ፍሬ ሲቈጥር ፍቅርን፥ ደስታን፥ ሰላምን፥ ትዕግሥትን ይቈጥራል። ልጅ መውለድ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በዚያ ቍጥር ውስጥ ግን አልገባም። በዚህ ሚዛን ቢመዘን፥ በእኔ ስብከት ተገፍታ ሳለች ለመሥዋዕቱ ስንዴ የምትለቅም ሴት ፍሬ ነበራት፤ ፍሬ ያጣው ስብከቴ ነበር።

በዚያው በቤቷ ይቅርታ ለመንኋት። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ምዕራፍ ደግሜ አነበብሁ፤ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ተረጐምሁ፤ የማንንም ስም ሳላነሣ ባለፈው ጊዜ የተሳሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ ለሕዝቡ ተናገርሁ። እርሷም ከሦስት እሑድ በኋላ መጣች፤ በቀድሞው ስፍራዋ ሳይሆን በበሩ አጠገብ ቆመች። ወደ ቀድሞው ስፍራዋ እስክትመለስ ድረስ አንድ ዓመት ፈጀ። ቃል ለመውጣት አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል፤ ያወጣው ሰው ሊመልሰው ሲሻ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ይህን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድናገር እርሷ ራሷ ፈቅዳልኛለች።

ይህ ለእኔ የደረሰ ብቻም አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ልጅ በማጣትዋ ፍናና ዘወትር ታስቈጣት ነበር፤ የፍናናም መሣሪያ ማበላለጥ ነበረ። ሐና በሐዘንዋ ብዛት ያለ ድምፅ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ አይቶ እንደ ሰካራም ቈጠራት። አንዲቱ ሴት ከእርስዋ ጋራ አበላለጠቻት፤ ካህኑም በማይገባት መሰላት። ዔሊ ግን ነገሩን በሰማ ጊዜ ቃሉን መልሶ ባረካት። እናንተ አባቶችና መምህራን፥ እናንተም ወላጆች፥ ቃላችንን መመለስ አንፈር።

አሁን ይዛችሁ እንድትቈዩ ወዳልኋችሁ ልዩነት፥ ማመሳሰልንና ማበላለጥን ወደሚለየው ነገር፥ እንመለስ። ዳዊት ጎልያድን ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ ሴቶች እየዘፈኑ ወጡ፤ በዘፈናቸውም ለሳኦል ሺሕ፥ ለዳዊት እልፍ ቈጠሩ። ዘፈኑ የደስታ ዘፈን ነበር፤ ማንንም ለመጕዳት አልተነገረም። ሳኦል ግን የራሱን ድል ረስቶ ብልጫውን ብቻ ሰማ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዐይን ተመለከተው፤ በማግሥቱም ጦር ወረወረበት። ይህ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 18 ተጽፎአል። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ላሉ ሁለት ልጆች በየቀኑ ይህን ዘፈን የምንዘፍን ስንቶች ነን? ‹‹ወንድምህን አታይም? እኅትሽ ብትሆን ኖሮ!›› እንላለን። የምንለው ለማትጋት ነው፤ የሚሰማው ልጅ ግን የሚቀበለው ትጋትን ሳይሆን ጦሩን ነው። ልጁን ማነጻጸር ካስፈለገ የዛሬውን ከትናንቱ ጋራ እናነጻጽርለት፤ በዚህ ሚዛን ማንም ወንድሙን አይጠላምና።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ። ፈሪሳዊው ሌላውን ሰውና አጠገቡ ያለውን ቀራጭ ባለመምሰሉ አመሰገነ። ተመልከቱ፤ የምታቀራርበውን ‹‹እንደ››ን እንኳ ለመለየት ተጠቀመባት። ጸሎት የጀመረ መስሎት ንጽጽር ጀመረ። ቀራጩ ግን ማንንም አላነሣም፤ ራሱን ከማንም ጋራ አላበላለጠም፤ ምሕረትን ብቻ ለመነ፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 10 ራሳቸውን በራሳቸው የሚመዝኑ፥ ራሳቸውንም ከራሳቸው ጋራ የሚያስተያዩ ሰዎች ማስተዋል እንደሌላቸው ይናገራል።

እንግዲህ ንጽጽርን ፈጽመን እንተወውን? አይደለም። ሳንመስል መናገር አንችልም፤ እግዚአብሔርም ይህን አልከለከለም፤ ይልቁንም ታላላቆቹን ትእዛዛት በ‹‹እንደ›› ላይ አቆማቸው። ሰው ባልንጀራውን እንደ ራሱ እንዲወድ ታዟል። ደቀ መዛሙርት እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ የታዘዙት ጌታቸው እንደ ወደዳቸው ነው። እንድንራራ የታዘዝነው የሰማዩ አባታችን እንደሚራራ ነው። በየቀኑ በምንጸልየው ጸሎትም፥ እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል ይቅር እንድንባል እንለምናለን። ይህ ምን ያህል የሚያስፈራ ‹‹እንደ›› ነው! እኛ ራሳችን መስፈሪያውን ለዳኛው እናቀብላለን። ከእነዚህ ትእዛዛት በአንዱ እንኳ ከባልንጀራችሁ ብለጡ የሚል የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ። መጀመሪያ፥ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው፥ ሕፃንም ቢሆን፥ አገልጋይም ቢሆን፥ በቍጣ ጊዜ በአህያና በውሻ አትመስሉት፤ አምሳሉን የምታዋርዱበት ባለቤት አለውና። ሁለተኛ፥ ስትመክሩና ስታስተምሩ ምሳሌውንና ነገሩን የሚያገናኘውን ነጥብ ግለጡ፤ ደግሞም ምሳሌውን ከምልጃው በፊት አትቍረጡት። ሦስተኛ፥ ከባልንጀራችሁ ጋራ ራሳችሁን ማነጻጸር በተነሣባችሁ ጊዜ ‹‹ከ›› የምትለውን ፊደል ተዉና ‹‹እንደ›› የምትለውን አንሡ፤ ‹‹ከእርሱ እሻላለሁን?›› አትበሉ፤ ‹‹እንደ ራሴ ወድጄዋለሁን?›› በሉ። ማታ ከመኝታችሁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።

በአርአያውና በአምሳሉ የፈጠረን፥ ስለ እኛም መዳን ሥጋችንን ተዋሕዶ ከኀጢአት በቀር እንደ እኛ የሆነ አምላካችን፥ አንደበታችንን ከሚያቈስል ምሳሌ ይጠብቅልን፤ በቃላችን ያቈሰልናቸውንም በቸርነቱ ይፈውስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።